ጥንጁት በ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሽታ ነው። አፍንጫችሁን አትያዙ፣ ደህናውን ሽታ ነው። አማርኛችን በዚህ በኩል ትንሽ ያስቸግራል። ጎረቤቴን «ቤትሽ ይሸታል» ብላት ጠብ ነው፤ «ቤትሽ መዓዛ አለው» ብላት ደግሞ ሰርግ ላይ ግጥም የማነብ እመስላለሁ። ስለዚህ እኔ «ሽታ» እያልኩ ልቀጥል፣ እናንተ በደግ ተርጉሙልኝ።

ነገሩን ያመጣው ቴሌግራም ነው። ሳልጠየቅ የተጨመርኩባቸው የመሸጫ ቻናሎች ብዛት የሰፈሬን ሱቆች አልፏል። መጀመሪያ ጫማ ነበር፣ ቀጥሎ የፀጉር ቅባት፣ አሁን ደግሞ «የአበባ ዘይት» ሆኗል። በ10 ሚሊ ሊትር ጥቁር ጠርሙስ ይመጣል። ላቬንደር ለእንቅልፍ፣ ጄራኒየም ለሴቶች፣ ኢላንግ ኢላንግ ለፍቅር (ስሙን ስትጠሩት ስልክ የሚጮህ ነው የሚመስለው)፣ ጽጌረዳ ለሐዘን። ከዚያ ሦስቱን አራቱን አደባልቀው የክርስትና ስም ያወጡለታል፤ «ሰላም»፣ «እፎይታ»፣ «ንግሥት»። ዋጋው ግን እፎይ አያሰኝም። እንዲያውም አንዱ ሻጭ «ከወባ እስከ ጭንቀት» ብሎ ለጥፏል። ይቺን «ከወባ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ «እፎይታ»ን ገዛች፤ ከነማትነኛው። ማትነኛው የእንቁላል ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ነው። ውሃ ትሞሉታላችሁ፣ አራት አምስት ጠብታ ዘይት ትጨምሩበታላችሁ፣ ጉም ይተፋል። ሰማያዊ መብራትም አለው። መብራት ሲጠፋ ግን ያው እንቁላል ነው። ልጅቷ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፣ የወር መጨረሻ ሲደርስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅም። በሦስተኛው ቀን ለጥ ብላ ተኛች። ጋዜጠኝነት ተምሬ «ምንጭሽ ማን ነው?» ማለት የለመደብኝ እኔ ግን ጭራሽ እንቅልፍ አጣሁ፣ ማንበብ ጀመርኩ።

«አሮማቴራፒ» የሚለውን ቃል ያወጣው ረኔ ሞሪስ ጋትፎሴ የሚባል ፈረንሳዊ የሽቶ ኬሚስት ነው። በዚሁ ስም የጻፈው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ቃሉ የእሱ ይሁን እንጂ ሥራው ከእሱ በፊት የነበረ ነው። የዘይቱን አወጣጥ ሳነብማ ሳቄ መጣ። አረቄ ነው እኮ! በሰፈራችሁ አረቄ የምታወጣ እናት ካለች ሙያውን ታውቁታላችሁ። ከሥር እሳት፣ ከላይ ጥንስሱ፣ እንፋሎቱ በቱቦ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ወደ ፈሳሽ ይመለሳል፣ ጠብ ጠብ ይላል። እንግዲህ በጥንስሱ ፋንታ አበባ ወይም ቅጠል አስገቡና እንፋሎት አሳልፉበት። የሚወርደው ውሃና ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ እሱን ትቀዳላችሁ፣ ከሥር የሚቀረው የአበባ ውሃ ነው። በቃ ይኸው ነው።

ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። አንድ ኪሎ የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ የሚደርስ አበባ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ንጹሕ የጽጌረዳ ዘይት» ብሎ በሁለት ማኪያቶ ዋጋ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ የያዘው ሰው ሠራሽ ሽቶ ነው። ሰው ሠራሽ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም፤ ግን በስሙ ይሸጥልን። እኔ ከዚያ ወዲህ የተክሉ የሳይንስ ስምና የመጣበት አገር ያልተጻፈበትን ጠርሙስ አልነካም።

ሙቀት የማይችሉ አበቦችም አሉ። አንዱ ጃዝሚን ነው፣ የኛ ሰው ጠምበለል የሚለው ዘመዱ ጫካችን ውስጥ አለ። ፈረንሳዮች ግራስ በምትባለው የሽቶ ከተማቸው ድሮ አበባውን ሽታ በሌለው ስብ ላይ ይደረድሩት፣ ሲጠወልግ ያነሱት፣ በአዲስ ይተኩት ነበር፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ስቡ ሽታውን ይጠጣዋል። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ግራስ የሚባል ከተማ መኖሩን ሰምታ አታውቅም። ግን አደስ ወቅጣ፣ ከለጋ ቅቤ ጋር አሽታ፣ ፀጉራችንን ስትቀባን ያደግነው ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሸተው ሽታ ከዚያው ሙያ የመጣ ነው። ስብ ሽታ እንደሚይዝ ለማወቅ የፈረንሳይ ኬሚስት አላስፈለጋትም።

አያቴ ያለችው ይፋግ ነው። ደቡብ ጎንደር፣ ሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው በኩል። ዛሬ በመኪና ሽው ብሎ የሚያልፋት ሰው ትንሽ ከተማ አይቶ ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይፋግ ከበጌምድር ስመ ጥር ገበያዎች አንዷ ነበረች፣ ነጋዴው ሁሉ የሚያውቃት። በዚያ ዘመን ከእናርያ በኩል የሚመጣው ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ፣ ከቡናውና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ጎጃምን አቋርጦ፣ በበጌምድር አልፎ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ዝባድ ከጥርኝ የሚወጣ ቅባት ነው። ብቻውን ብታሸቱት ምሳችሁን ይመልሰዋል፤ በጣም በጥቂቱ ሲደባለቅ ግን የሌላውን ሽቶ ሽታ አስሮ ያቆያል። የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ለብዙ ዘመን ያለ እሱ አይሠሩም ነበር። እና እኛን «ሽታ መቀላቀል እናስተምራችሁ» ሲሉን ትንሽ ቅር ይለኛል፤ ለነገሩ ይለፈኝ።

አምና መንገዱ ረገብ ሲልልኝ አያቴን ልጠይቅ ሄድኩ። የቤት ጓደኛዬን ለምኜ እንቁላሉንም ይዤ። ማታ እልፍኙ ውስጥ ሰካሁት። አያቴ ከመደቧ ላይ ሆና አተኩራ አየችው።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ጭስ ነው እማማ። ግን የውሃ ጭስ ነው።»

«እሳት የለውም?»

«የለውም።»

«ታዲያ ትንኝ ያባርራል?»

«ይኸኛው እንኳን ለእንቅልፍ ነው።»

«እንቅልፍማ ትንኝ ሲጠፋ ይመጣል፣ አንች ልጅ!»

አያቴ ቤት ሽታ ሁሉ ሥራ አለው፣ ቦዝኖ የሚሸት ነገር የለም። ወይራ የወተት ቅል ይታጠንበታል። ጥንጁት የጠላ ገንቦ ይታጠንበታል፣ ማታ ማታ ደግሞ ለትንኝ ይጨሳል። እጣን ለቡና ነው፣ ጤና አዳም ስኒው ውስጥ ነው፣ ዳማከሴ ምች ለመታው ነው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ጉንፋን የያዘው ሰው ነጠላ ተከናንቦ ይታጠነዋል። አርቲና ጠጅ ሳር የበዓል ናቸው። ደብረ ታቦር ያለችው አክስቴ ደግሞ የቀጋ አበባ ሲፈነዳ አድርቃ ትልክላታለች። ቀጋን እንደ እሾህ አጥር ብቻ ለምታዩት ልንገራችሁ፤ በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ ነው። አበባው ነጭ ነው፣ ሽታው ደግሞ ለስላሳ። አያቴ ሣጥን ውስጥ ከልብስ ጋር ታስቀምጠዋለች። ይኸኛው እንኳ ሥራው ደስ ማሰኘት ብቻ ነው፣ «ለነፍሴ ነው» ትላለች።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን «ከወባ» መልሱልኝ።

በ1997 ዓ.ም. የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ወንድሜ አሥራ አንድ። ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ተባለ። ያ አገር ለጣና ቅርብ ነው፣ ሜዳው ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፣ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። ኪኒን ተገዛለት። ትኩሳቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ያን ጊዜ ቤታችን የሚሸተው ጥንጁት ብቻ ነበር፤ ጠዋት ጥንጁት፣ ማታ ጥንጁት። አያቴ ከማንደጃው አጠገብ አትነሳም ነበር። ልጁ እየከሳ ሄደ፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተነፋ። ጠበልም ሄደ። በሰፈሩ እንደሱ የሆኑ ሌሎችም ነበሩ፣ ለቅሶ የተቀመጠ ቤትም ነበር። እኔ ግን ከለቅሶው ይልቅ የማስታውሰው ጭሱን ነው።

በሽታው ካላዛር ነበር። በዚያ ዓመት ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ እንደ ወረርሽኝ ገብቶ፣ ብዙ ሰው ወባ ነው ብሎ ሲታከም ቆይቷል። የሚያስተላልፋት የአሸዋ ዝንብ ናት። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፣ ስትበር ድምፅ የላትም፣ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ውስጥ ትደበቃለች፣ ሲመሽ ትወጣለች። ከሰሊጥ አጨዳ ከመተማና ከሁመራ የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች በሽታውን ሳያውቁት ይዘውት እንደመጡ ይታመናል። ካልታከሙት ይገድላል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት ከአገሩ የጤና ባለሙያዎች ጋር አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ጀመረ። ወንድሜ አንድ ወር ያህል በየቀኑ መርፌ ተወጋ። መርፌው ያማል፣ ከግቢው ውጭ ቆሜ እሰማው ነበር። ዳነ። እነሆ ዛሬ ከኔ ይልቅ ወፍራም ነው።

እንግዲህ «ከወባ እስከ ጭንቀት» የሚል ጽሑፍ ሳነብ ቀልዴን የማጣው ለዚህ ነው። ጭንቀቱን ተወው፣ ሰው የፈለገውን ያሽትት። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ በተለይ እንደነዚያ ካሉ ቆላዎች የመጣ ሰው ላይ ከሆነ፣ የደም ምርመራ እንጂ ጠብታ አያስፈልገውም። አዲስ ዘመንም ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የካላዛር ሕክምና አለ።

ጭሱ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ እዚሁ አገራችን የተሠራ የላቦራቶሪ ጥናት የወይራን፣ የጥንጁትንና የሌሎች ዕፅዋትን ጭስ በወባ ትንኝ ላይ ሞክሯል። ጭሶቹ ትንኙን ያሸሹታል። ግን ማሸሽና ማዳን ለየቅል ናቸው፤ ፍሙ ሲጠፋ ትንኙ ተመልሶ ይመጣል። አያቴ ይህ ገብቷታል። ያን ማታ ጥንጁቷን አጨሰች፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ አጎበሩን ዘረጋች። ሁለቱንም ለምን እንደምታደርግ ስጠይቃት «አጎበሩ ለትንኙ ነው፣ ጭሱ ለኔ» አለችኝ።

«ለኔ» ያለችው ነገር ላይ ነው እንግዲህ ሳስብ የከረምኩት። ወንድሜ ወረታ ነው የሚሠራው። ጥንጁት የሸተተ ቤት አይገባም። ጠላ ይወዳል፤ በጥንጁት የታጠነ ገንቦ ጠላ ሲቀርብለት ግን ቀምሶ ያስቀምጠዋል፣ ፊቱ ይለወጣል። እናቴ በተቃራኒው ናት። ጥንጁት ካልሸተታት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ለሷ ያ ሽታ ልጇ ያልሞተበት ሽታ ነው። አንድ ቅጠል፣ አንድ ቤት፣ አንድ ክረምት፤ አንዱን ያስታምመዋል፣ አንዱን ያስታውከዋል።

ሳይንሱ ለዚህ መልስ ቢጤ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል የኖቤል ሽልማት ያገኙት አፍንጫችን ሽታን እንዴት እንደሚለይ ስላሳዩ ነው። ሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት መልእክታቸውን መጀመሪያ ታላመስ የሚባል የአንጎል ክፍል ያደርሳሉ፣ እሱ ያከፋፍለዋል። ሽታ ግን በር ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። በቀጥታ ስሜትና ትዝታ ወደሚቀመጡበት ሰፈር ይሄዳል። ለዚህ ነው አንድ ሽታ ገና ስሙን ሳታስታውሱት እንባ የሚያመጣባችሁ። በላቬንደር ላይ የተሠሩ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ጭንቀትን በመጠኑ ያቀላል የሚሉ አሉ፣ ግን ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ደግሞም አንድ ችግር አለባቸው፤ ኪኒን ቢሆን ባዶውን ኪኒን ሰጥቶ ማወዳደር ይቻላል፣ ሽታን ግን እንዴት ትደብቁታላችሁ? ሰውየው እየሸተተው ነዋ! ስለ እጣንም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት አለ። በውስጡ ያለ አንድ ንጥረ ነገር አይጦችን ከፍርሃት እንዳረጋጋ አሳይቷል። አይጦች ቡና ስለማይጠጡ ይሄ ትዝታ ነው ልንል አንችልም።

ስለዚህ የኔ አቋም እንዲህ ነው፤ ሽታ ይሠራል፣ ግን «ይህ ለሐዘን፣ ያ ለእንቅልፍ» የሚለው የጠርሙስ ላይ ጽሑፍ የኔን ሐዘን አያውቀውም። በኮንዶሚኒየማችን ራሴ ሞክሬዋለሁ። ጠጅ ሳርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ድስት ውስጥ ከትቼ በቀስታ አንተከተክሁት። ቤቱን ደስ የሚል ነገር ሞላው፣ ኮራሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከታች ያሉት እናት በሩን አንኳኩ፤ «ልጆች፣ ማን ታሞባችሁ ነው?» አሉ። ለእሳቸው ባሕር ዛፍ ማለት ጉንፋን ነው። ዝንጅብል በማር ይዘው ነበር የመጡት።

ለምትገዙት ደግሞ ካነበብኩት ጥቂት ልንገራችሁ። ማትነኛው ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ጠብታ ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓት አትንናችሁ አጥፉት፣ መስኮት ክፈቱ። ስትቀላቅሉ ጄራኒየምና ኢላንግ ኢላንግ ጉልበተኞች ናቸው፤ ለሦስት ጠብታ ላቬንደር አንድ ጠብታ ካለፈ ሌላውን ይውጡታል፣ ራስም ያዞራሉ። ዘይቱን እንዳለ ቆዳ ላይ ማድረግ አይሆንም፣ ያቃጥላል። 30 ሚሊ ሊትር በሚሆን የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት ውስጥ ስድስት ጠብታ ያህል በቂ ነው። መጠጣት? በፍጹም! የባሕር ዛፍ ዘይት በጥቂቱም ቢሆን ሕፃን ልጅ ከዋጠው እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፤ ጠርሙሱን ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡ። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ። «የተፈጥሮ ነው» ይሏችኋል፤ የእባብ መርዝም የተፈጥሮ ነው። እጣን የምታጨሱም ብትሆኑ በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ። የከሰል ጭስ ሳይሸታችሁ ነው የሚገድላችሁ፣ በየክረምቱ የምንሰማው ነው።

ሌላው የሚከነክነኝ ነገር፣ ከውጭ ለሚመጣ ጠብታ ይህን ያህል ስንከፍል የራሳችን ነገር የት እንዳለ ነው። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በጠጅ ሳር፣ በጄራኒየምና በመሳሰሉት ላይ ለዓመታት ሲሠራ ኖሯል። እጣናችን ከመተማና ከቋራ ጫካ ይመጣል (ወንድሜን ያሳመመው በሽታም፣ የአያቴ ቡና ላይ የሚጨሰው እጣንም ከዚያው አቅጣጫ መምጣታቸው ይገርመኛል)። እሱም ቢሆን እያለቀ ነው። ፍራንስ ቦንገርስና የሥራ ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያውያንም ያሉበት ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት በአብዛኛው ጫካ ትናንሽ የእጣን ዛፎች ጠፍተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ሲሞቱ የሚተካቸው የለም። እሳቱ፣ ከብቱ፣ ያለ እረፍት መድማቱ ተደማምሮ በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ነው የገመቱት። የሰው ቅርንፉድና ላቬንደር ስናሳድድ በቤታችን ያለው ዛፍ ልጅ ሳይወልድ ያረጃል ማለት ነው።

ከይፋግ ስመለስ ወረታ ወንድሜ ዘንድ አደርኩ። ማታ እንቁላሉን ሰካሁትና «እፎይታ»ን ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አሸተተ፣ እንደገና አሸተተ። እንደ ጥንጁቱ ፊቱ ይለወጥ እንደሆነ እያየሁት ነበር።

«ምን አስታወሰህ?» አልኩት።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም ነገር የለውም እኮ። ባዶ ቤት ነው የሚሸተው።» ዝም አለ። «ይኸን ነገር ተይልኝ።»

ተውኩለት። ለቤት ጓደኛዬ ሌላ ገዛሁላት፣ በሻጩ ምርቃት የታጀበ አዲስ እንቁላል። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ደወለ፣ ጠርሙሱ አልቆበታል። ስሙ ጠፍቶበት «ያችን ምንም የማትለዋን ላኪልኝ» አለኝ። ሁለት ጠርሙስ አዘጋጅቻለሁ። ከናንተ መሃል ወደ ወረታ የሚሄድ ካለ ንገሩኝ እስቲ፣ ዕቃው እፍኝ አይሞላም።